የውሰት ቀሚስ

ታንጉት ስለ ነፃ ሕክምና ወረቀት ሰው ማስተማር የጀመረችው ማንም ሾሟት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛ ልጇ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞትባት ሲል፣ የገበሬ ማኅበሩ «ይህች ሴት ደሃ ናት፤ ልጇ በነፃ ይታከም» ብሎ ማኅተም የመታበትን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄደች፤ ልጇንም አድና ተመለሰች። ያን ወረቀት ለማግኘት ሰባት ጊዜ ተመላልሳለች። መንገዱ የት የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ስለምታውቅ፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ የታመመባት ሴት ሁሉ ወደ እሷ ትመጣለች። በተለይ ከአገው፣ ከአዊ ወገን የሆኑት፣ አማርኛው የሚከብዳቸው፣ ሹም ፊት ሲቆሙ የሚያውቁት ቃል ሁሉ የሚጠፋባቸው። እሷ በእናቷ አዊ ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። እስካሁን አራት ሴቶችን ለወረቀት አብቅታለች። አምስተኛዋ አልጣሽ ናት።

አልጣሽ ባሏ ከሞተባት ሁለት ክረምት ሆኗታል። ያለቻት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ያይኔአበባ። የልጅቱ ጉልበት አብጦ፣ ቀልቶ፣ አሁን መግል ቋጥሯል። የቡሬው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሐሙስ ዕለት አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸ ኸኔ አቅም በላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ወስደሽ ይቀደድላት። ሳምንት ካለፈ እግሯ ይቆረጣል፤ ኸዚያ ካለፈማ ልጅቱም አትተርፍ» አላት።

ወረቀቱ የሚሰጠው በስብሰባ ነው። ስብሰባው እሑድ ነው። ይህ እሑድ ካመለጠ ቀጣዩ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ለማን ሊሆን?

ታንጉት ዓርብና ቅዳሜ አልጣሽን ስታስጠና ዋለች። «ጓድ ሊቀመንበር በይ፤ አያ ገደፋው ብትይው ይቆጣል። በሬ የለኝም በይ። ዶሮዋን አትደብቂ፤ አንዲት ዶሮ ናት፣ ትነገር። ባልሽ የሞተበትን ወር እንዳትስቺ። ደሞ አታልቅሺ፤ ለቅሶ የሰለቸው ሰው ነው።» አልጣሽ እንደ ዳዊት ደገመችው። ስትሸኛት ግን ለታንጉት አንድ የቀረ ነገር ያለ መሰላት። ምን እንደሆነ ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ተሰበሰበ። ግራ እጅ ተነሣ፣ መፈክር ተባለ፣ ስለ መዋጮ ብዙ ተወራ። ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ አልጣሽ ብቅ ስትል፣ ታንጉት ክው አለች።

አልጣሽ አጊጣለች! ጠጉሯ ቅቤ ጠጥቷል፤ ጥልፍ ያለበት ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ የብር መስቀል አንጠልጥላለች። ደሃ ነኝ ልትል የመጣች ሳይሆን ሠርግ የተጠራች ነው የምትመስለው።

«ምነው እቴ! ምን ሆንሽ?» አለቻት ታንጉት በአዊኛ።

«ትልልቅ ሰዎች ፊት አይደል የምቀርበው? ቡትቶ ለብሼ ብመጣ ናቀችን አይሉም?»

እውነቷን ነው፤ ያደገችበት ወግ ነው። አባቶች ፊት ሲቀርቡ ተውሶም ቢሆን ለብሶ መቅረብ ነው። የቀረው ነገር ምን እንደነበረ ታንጉት አሁን ገባት። ስለ ቃሉ ሁሉ መክራ ስለ ልብሱ አልመከረችም። እሷ ራሷ ሰባቱንም ጊዜ የሄደችው በዚያችው በአንዲቷ ቡትቶዋ ነበር፤ ሌላ ስላልነበራት፣ ይህም ምክር መሆኑ አልታያትም። በራሷ ተናደደች። «ሩጪ፣ ቀይሪና ነይ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሊቀመንበሩ የአልጣሽን ስም ጠራ።

ገደፋው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ይለመናል። እሱ ደንብ አክባሪ ነው፤ ደንብ አክባሪ ደግሞ ልመና አይገባውም። አልጣሽ ያጠናችውን አንድም ሳትስት ተናገረች፤ በሬውን፣ ዶሮዋን፣ ወሩን። እሱ ግን ዓይኑን ከቀሚሱ ላይ አላነሣም።

«በጆሮዬ የምሰማው ሌላ፣ በዓይኔ የማየው ሌላ» አለ። «ድሮስ አገው ባለ ፈረስ፣ ባለ ማር አይደል? እንዲህ ያለ ቀሚስ የኔይቱም ሚስት የላት። ወረቀቱ የደሃ ነው። ቀጥሎ ያለው ይምጣ!»

ወንዶቹ ሳቁ። አልጣሽ የተማረችው አማርኛ እዚያ ላይ አለቀባት፤ ዞር ብላ ታንጉትን አየቻት።

ቀሚሱ የአልጣሽ ጎረቤት የአቻምየለሽ ነው። መስቀሉም የአቻምየለሽ ነው። ታንጉት በፋሲካ በፋሲካ ስታየው ኖራለች። ግን ያዋሱትን ልብስ ሰው ፊት የኔ ነው ማለት ነውር ነው፤ ለባሹን ከማራቆት አይለይም። አቻምየለሽ ከፊቷ ተቀምጣለች። ታንጉት ጎነተለቻት።

«ንገሪያቸው። የኔ ነው በይ።»

«ምን ቆርጦኝ!»

ገደፋው ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ታንጉት የልጅቱ ጉልበት በዓይኗ ላይ ዞረባት። ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀሚሱ የሷ አይደለም። የአቻምየለሽ ነው፤ ተውሳ ነው።»

ጉርምርምታ ሆነ። አልጣሽ በጥፊ የተመታች መሰለች። ገደፋው አቻምየለሽን «ያንቺ ነው?» አላት።

አቻምየለሽ ደግ ሴት ናት፤ ጉድ የሠራውም ደግነቷ ነው። መሬት መሬት እያየች፣ «የምን የኔ? የራሷ ነው» አለች።

ታንጉት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴትዮዋ የጎረቤቷን ክብር እጠብቃለሁ ብላ የጎረቤቷን ልጅ እግር መቁረጧ ነው! ገደፋው ቁጣው መጣ።

«እንግዲህ ታንጉት፣ ሸንጎ ላይ ዋሸሽ። ኸዛሬ ወዲያ አንቺ መክረሽ ያመጣሻት ሴት ኸዚህ ደጅ አትቆምም።»

ነገር ዓለሙ ያለቀ መሰለ። በዚህ ጊዜ አልጣሽ መቀነቷን ፈታች። ማንም ምን እንደምታደርግ ሳይገባው፣ ነጩን ቀሚስ በአናቷ በኩል ሞሽልቃ አወለቀችው። ከሥሩ የራሷ ቀሚስ ነበረ፤ ጀርባው በጆንያ የተጣፈ፣ ከጉልበቱ በታች የተተለተለ። ሲስቁ የነበሩት ወንዶች አቀረቀሩ። መስቀሉንም ከአንገቷ አውጥታ፣ ሁለቱንም አቻምየለሽ ጭን ላይ አኖረችና ትከሻዋን ሳመቻት። ከዚያ ማንም ያላስጠናትን አማርኛ ተናገረች።

«ይኸ ነው የኔ። ጻፉ።»

ገደፋው ጻፈ። ማኅተሙንም መታ።

ልጅቱን በቃሬዛ ይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ብር ሸለቆ ሲደርሱ አልጣሽ ድንገት፣ «ሰው ፊት አራቆትሽኝ» አለች።

«ለልጅሽ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ። ከዳነች እረሳዋለሁ።»

ካልዳነችስ አላለችም። ታንጉትን ግን መንገዱን ሙሉ የተከተላት ያ ያልተባለው ነው።

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ አሁንም ገልብጦ አየው። ሰውዬው ካርዱን ጻፈ። ልጅቱ ያን ዕለት ተቀደደላት፤ ከዚያ ሦስት ቀን ትኩሳቱ አልለቃትም፤ ዓይኗንም አልገለጠች። ታንጉት ቤቷ ልጆች ትታ መጥታለች፤ መሄድ ነበረባት። እግሯ ግን እንቢ አላት፤ ክፍሉ በር ላይ ኩርምት ብላ ሰነበተች። ልጅቱ ብትሞት ያ እሑድ ዕድሜዋን ሙሉ እንደማይለቃት ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አልጣሽ ከውስጥ ወጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ታንጉት ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አልጣሽ አጠገቧ መጥታ ነጠላዋን ጎተት አደረገቻት።

«ምስር ወጥ አምጪ እያለች ታስቸግረኛለች። ኸየት አባቴ ላምጣላት? አንቺ የማታውቂው ደጅ የለም፤ ነይ እስቲ አሳዪኝ።»