የአዲሱ መነጽር ሪፖርት

ካርቶኑ የመጣው ገና ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ሳልቀመጥ ነው። አለቃችን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ይኸውልህ፣ ስንት ደብዳቤ የጻፍንበት የማነጣጠሪያ መነጽር! ዛሬውኑ ሞክረህ እንዴት እንዳገኘኸው በአንድ ገጽ ጻፍልኝ። ከእንግዲህ ሰበብ የለም!"

ለቀልድ ነው ያሉት። እኔን ግን ገና በጠዋቱ ድካም ተጫነኝ። መነጽሩ የተገዛው በእኔ አፍ ነዋ።

የዱር እንስሳት ጠባቂ ነኝ። የወጥመድ ሽቦ እግሯን የቆረጣት፣ መኪና የገጫት፣ የማትድን እንስሳ ስትገኝ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ከሩቅ፣ ሳታየኝ፣ በአንድ ጥይት እገላግላታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ከስድስት ወር በፊት ግን አንዲት አጋዘን ሆዷን መታኋት። ሣር ውስጥ ገብታ ጠፋችብን። ጠዋት የተመታችውን ስናገኛት ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ አሁንም ትተነፍሳለች። ያኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ "መነጽሩ ተበላሽቷል" አልኩ። ሁሉም አመኑኝ። ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ይኸው ማመናቸው ነው። አሮጌው መነጽር እስካሁን "የተበላሸ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አሥር ዓመት አብራኝ የሠራችውን ባልደረባዬን ሬዲዮ እንላታለን፤ ካልተኛች አትዘጋም። አዲሱን መነጽርና ጠመንጃዬን ይዘን ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው መተኮሻ ሜዳ ወጣን። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ የሚያስረውን ብሎን እያጠበቀች ወሬዋን ቀጠለች።

"አስተሻሸጉን አዩልኝ ጋሼ? ለእኔ እንኳን መነጽር፣ የዝናብ ጫማም ተገዝቶልኝ አያውቅ!"

በሆዴ ተኝቼ አየሁ። ዒላማው አራት መቶ ሜትር ላይ ነው። አዲሱ መስተዋት ውስጥ ያችው የድሮዋ ጉም አለች። በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት።

"ኧረ ጋሼ! የራሱ ጨርቅ አለው እኮ!"

መነጽሩ ላይ፣ በዓይን በኩል ባለው ጫፍ፣ እያንዳንዱ ሰው ለገዛ ዓይኑ የሚያስተካክላት ቁጥር ያላት ቀለበት አለች። አዞርኳት። ጨምሬ አዞርኳት። ቁጥሩ አለቀ፤ ጉሟ ሳሳች እንጂ አልጠፋችም። አምስት ጥይት ተኮስኩና ተነሣሁ። ወገቤ ተቆርጦ ነበር።

ሬዲዮ በተራዋ ተኛች። "ውይ፣ ምንም አይታይም! ምን አድርገውት ነው?" ቀለበቷን ወደ ኋላ መለሰች፤ ብዙ መለሰች። "አሃ፣ አሁን ጠራ! ጋሼ፣ ዒላማውን የያዘው ምስማር ዝገቱ ሁሉ..." ብላ አቆመች። ቀና ብላ ቀለበቷን አየች፣ ከዚያ እኔን። ተመልሳ አነጣጠረች። ሦስት ተኮሰች።

የዒላማውን ወረቀት ራሷ ሄዳ አመጣች። የእሷ ሦስቱ ቀዳዳዎች በመዳፍ ይሸፈናሉ። ከእኔ አምስቱ ሁለቱ ወረቀቱንም አላገኙትም።

"ነፋስ ነበር እላለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። ቅጠል አይነቃነቅም። "ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። እስከዚያ እኔ እተኩሳለሁ፣ እርስዎ ይፈርማሉ። ማን ያውቅብናል?"

እሺ ልላት ነበር። ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ጠመንጃውን ካስቀመጥኩ ወይ በር ጠባቂ ያደርጉኛል፣ ወይ ቤት ውዬ ሚስቴ ሽንኩርት ታስልጠኛለች። ግን ደግሞ እሷ እረፍት በወጣች ቀን ብጠራስ? ያች አጋዘን ሣሩ ውስጥ ስትተነፍስ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"ነይ፣ ቢሮ እንግባ" አልኳት። "አንቺ ጻፊልኝ፣ የሪፖርቱ ቅጽ ላይ ያሉት ፊደሎች ጥቃቅን ናቸው።"

ተቀመጠች፤ እስክሪብቶ ያዘች።

"አዲሱ መነጽር ጥሩ ነው በይ።"

ጻፈች።

"አሮጌውም ጥሩ ነበር።"

እጇ ቆመ። "ጋሼ፣ ይኼ ከተጻፈ እኮ ጥፋቱ የዓይንዎ መሆኑ..."

"ጻፊው።"

ጻፈችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ፣ የምፈርምበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።