ዳር ያለው ወንበር

ለባሏ የምትቀና ሚስት ሞልታለች፤ እሱስ የተለመደ ነው። እትዬ ጠመኔ ግን የምትቀናው በራሱ በባሏ ላይ ነበር። ሌላ ሴት ትወስድብኛለች ብላም አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ልንገራችሁ።

“ጠመኔ” ያሏት ተማሪዎቿ ናቸው። የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ከጣቷ እስከ ቅንድቧ ነጭ ዱቄት ሳይነካት የዋለችበት ቀን የለም። ባሏ የአስራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነው፤ እሱን “ጋሼ ቀመር” ይሉታል። የሚያስተምሩት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱ ፎቁ ላይ፣ እሷ ከአዳራሹ ማዶ በግቢው ጥግ ባለችው ዝቅ ያለች ክፍል። ልጆቹ በእሷ እጅ ይገባሉ፣ በእሱ እጅ ይወጣሉ። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ሰው የሸኘውን እንጂ የተቀበለውን መች ያስታውሳል?

በአካባቢው ያሉት ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም በዓመት አንድ ቀን፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ በትልቁ አዳራሽ ተሰብስበው የጎበዙትን ያመሰግናሉ። በዚያ ቀን ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሾፌሩ አውቶቡሱን ሳያጋጭ በመክረሙ ይሸለማል፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ የጠፋ መጽሐፍ በማግኘቷ ትሸለማለች፣ የቢሮው ጸሐፊ ደግሞ ሳትሸለም ከቀረች ዓመቱን ሙሉ ስለምታኮርፍ ትሸለማለች። የቀኑ ዋና ነገር ግን “ጥሪ” የሚሉት ነው። ከሁሉም አንደኛ የወጣ ተማሪ ሰርተፊኬቱን ከተቀበለ በኋላ ሰማያዊ ሻርፕ ይሰጠዋል። ሻርፑን ይዞ ከመድረክ ይወርድና፣ ስም ሳይጠራ፣ ለዚህ ያበቃኝ የሚለው መምህር የተቀመጠበት ድረስ ይሄዳል። እጁን ይዞ ያስነሳዋል፣ መድረክ ላይ ያወጣውና ሻርፑን አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል። የተጠራው መምህር መድረክ እስኪደርስ አዳራሹ ማጨብጨቡን አያቆምም፤ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ ጉልበቱን የሚያመው የስፖርት መምህር ተጠርቶ፣ ከኋላ ወንበር ተነስቶ እስኪደርስ የሰዉ መዳፍ ሊላጥ ምንም አልቀረው። ማን እንደሚጠራ ቀድሞ ማውራት ደግሞ ነውር ነው፤ የሚያውቅ ካለ አፉን ይይዛል።

ጋሼ ቀመር ስንት ጊዜ ተጠራ መሰላችሁ! ሻርፖቹ ቁምሳጥን ውስጥ ተደርድረው ተሰቅለዋል። የምታጥባቸው እሷ፣ የምትተኩሳቸው እሷ። አንዱን ከቀይ ካልሲ ጋር ዘፍዝፋ ወይን ጠጅ አድርጋዋለች። “ውይ፣ ሳላየው!” አለች ያኔ። አይታው ነበር። እሷን ግን አንድም ልጅ ጠርቷት አያውቅም፤ ማንበብ ያስተማረችው ሁሉ ማንበብን ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ይመስለዋል። ሰው ሲጠይቃት “ሻርፕ ምን ያደርግልኛል፣ አይበርደኝ” እያለች ትስቃለች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ አንጀቷ እንዴት እንደሚያርር የሚያውቀው የቁምሳጥኑ በር ብቻ ነው፤ እየመታች ስትዘጋው።

ዘንድሮ ግን አንደኛ የወጣችው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሆነች። ይሄን የሰማች ቀን የእትዬ ጠመኔ ልብ ዘለለ።

አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ይቺ ልጅ አንደኛ ክፍል ስትገባ አፏን የሰፉት ይመስል ነበር። ስሟን ሲጠይቋት ጠረጴዛ ስር ትገባለች። “ዲዳ ናት፣ ለኛ አትሆንም” ያሉም ነበሩ። እትዬ ጠመኔ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ለምና አመጣች። ጠረጴዛው ስር ከልጅቷ ጋር ገብታ ተቀመጠችና አንዱን ጫፍ ለልጅቷ አፍ፣ ሌላውን ለራሷ ጆሮ አደረገች። “ሌላ ሰው አይሰማም፤ ለኔ ብቻ ንገሪኝ” አለቻት። ብዙ ቀን በቱቦው የመጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን “እትዬ፣ ጉልበትዎን አያምዎትም?” የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እትዬ ጠመኔ እዚያው ጠረጴዛ ስር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ፊደሉንም ቁጥሩንም በቱቦው ተማረች፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቱቦውን ጥላ እንደ ሰው መንጫጫት ጀመረች።

“ይቺ ካልጠራችኝ ከእንግዲህ ማንም አይጠራኝም” አለች እትዬ ጠመኔ ለራሷ። ያው ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳ ቀሚስ አሰፋች። አንገቱን ክፍት አድርገው አለችው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቤታቸው ድረስ መጣች። የመጣችው ግን ወደ እሷ አልነበረም። እትዬ ጠመኔ በመስኮት ስታይ ልጅቷና ባሏ በሩ ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ፤ ብቅ ስትል ጸጥ አሉ። ልጅቷ ሰላም ብላት እየተጣደፈች ሄደች።

“ምን ፈልጋ ነው?”

“ምንም። ስለ ፈተናው ነው።”

“ፈተናው አልቆ የለም እንዴ?”

“እ… ስለ ውጤቱ።”

“ውጤቱስ ወጥቶ የለም?”

ጋሼ ቀመር ሒሳብ እንጂ ውሸት አይችልበትም። ጆሮው ቀላ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ።  እሱን ልትጠራው ነው ማለት ነው፣ አለች እትዬ ጠመኔ ለራሷ። እኔ ጠረጴዛ ስር ስንፏቀቅ የኖርኩትን፣ እሱ ሁለት መስመር ቀመር ጽፎ ይወስደዋል! ያን ቀን እራት አቀረበችለት፤ ጨው የሚባል ነገር ግን አልነካውም። እሱም ጥርግ አድርጎ በላው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደ ሁልጊዜው ከመሃል ረድፍ ሊቀመጡ ሲሉ ጋሼ ቀመር ገፋ አደረጋት።

“ዛሬ አንቺ ዳር ተቀመጪ።”

“ለምን? ዳሩ ያንተ አይደል?”

“እንዲያው… ነፋስ ታገኚያለሽ።”

ተቀመጠች።  ገባኝ፣ አለች በሆዷ። ልጅቷ ስትመጣ በኔ ላይ ተሻግራ እጇን ትዘረጋለታለች፤ ሰዉም አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ስታለፍ በደንብ ያየኛል። ቅናት የያዘው ሰው እንዲህ ነው፤ አንድና አንድ ደምሮ ሦስት ያገኛል። የሒሳብ መምህር ሚስት መሆን እንኳ ከዚህ አያድንም።

የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ንግግር አደረገ። የዚህን ሰው ንግግር የሚያስቆመው ጥማት ብቻ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ሰዉ ቶሎ ብሎ አጨበጨበና አስቀመጠው። ሾፌሩ ተሸለመ፣ ጸሐፊዋም ሳታኮርፍ ተሸለመች። በመጨረሻ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ተጠርታ መድረክ ላይ ወጣች። ሰርተፊኬቷን ተቀበለች፣ ሻርፑን ተቀበለች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ እነሱ ረድፍ ወረወረች። ጋሼ ቀመር ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።

በቃ። ያቺን ፈገግታ አልቻለቻትም። ቦርሳዋን አነሳችና ብድግ አለች።

“ወዴት ነው?” ባሏ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። “ቆይ! አሁን አትውጪ!”

“ሻርፕህን ለመቀበል እኔ አላስፈልግህም።”

“አንቺ ሴት፣ ትንሽ ቆይ ስልሽ!”

ቀሚሷን መንጭቃ ወጣች። ሰዉ ሁሉ ዓይኑ መድረኩ ላይ ነበርና ስትወጣ ያያት የለም።

ግቢው ባዶ ነበር። ቁልፏን አውጥታ ወደ ክፍሏ ገባችና ከትንንሾቹ ወንበሮች ባንዱ ላይ ጉልበቷን ደረቷ ድረስ አጥፋ ተቀመጠች። ወዲያው ከአዳራሹ ጭብጨባው ፈነዳ። ልጅቷ ከመድረክ ወረደች ማለት ነው። አሁን ረድፉ ጋ ደረሰች፣ አሁን እጁን ያዘችው፣ አሁን ኮቱን እያስተካከለ ተነሳ። በሐሳቧ አንድ በአንድ ተከተለችው። እሱ ፈጣን ነው፤ ጭብጨባው አሁን ይቆማል አለች።

አልቆመም። እንዲያውም ባሰበት። ሰዉ በእግሩ ሁሉ መደብደብ ጀመረ፤ የልጆች ጩኸትም ተጨመረበት። ለእሱ እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። “ምን ቢያደርግ ነው?” አለች ጮክ ብላ ለጥቁር ሰሌዳው። “መድረኩ ላይ እየጨፈረ ነው?” ጭብጨባው በረደ፣ ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ በረደና ከበፊቱ ይልቅ ጋለ። በተጨበጨበ ቁጥር ደረቷ ላይ የሚመቷት መሰላት። መጨረሻ ላይ ተነስታ መስኮቶቹን አንድ ባንድ ጠረቀመቻቸው። “ይጨብጨብለት! እጃቸው ይላጥ!” አለችና አለቀሰች። ለማንም ያልተናገረችውን እዚያ ተናገረችው፤ እኔስ? አለች። እኔስ ሰው አይደለሁም?

ጭብጨባው ሲያበቃ ፊቷን ጠረገች፣ ፈገግታዋን መስታወት እያየች አስተካከለችና ወጣች። ሰዉ ከአዳራሹ እየወጣ ነበር። የሚያልፉት ሁሉ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ ጸሐፊዋ “ምነው እትዬ?” ብላ ከንፈሯን መጠጠች። በባሏ መበለጧን አይተው ያዘኑላት መሰላትና ቀና ብላ ሄደች። ባሏን አዳራሹ ደረጃ ላይ አገኘችው፤ ላብ አጥምቆታል፣ አንገቱ ባዶ ነው።

“እንኳን ደስ ያለህ!” አለችው። “ዘንድሮስ ጣሪያው እስኪነቀል አጨበጨቡልህ። ሻርፑ የታለ? በዛብህና ኪስህ ከተትከው?”

“ለኔ አልነበረም።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

“ዳር ላለው ወንበር” አለ ጋሼ ቀመር።

አልገባትም። እሱም ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

“ልጅቷ ወርዳ ወንበርሽ ጋ ቆመች። አንቺ የለሽም። ሰዉ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያለ ያጨበጭባል። የተጠራው መድረክ እስኪደርስ አይደል ደንቡ? እኔ ሽንት ቤት ፈለግሁሽ፣ በሩ ድረስ ሮጥኩ፣ ስልክሽ ላይ ደወልኩ፣ ዘግተሽዋል። ስመለስ አሁንም ያጨበጭባሉ። ኃላፊው ‘ባልየው ይቀበልላት’ አለ። ልጅቷ እምቢ አለች።”

እትዬ ጠመኔ የደረጃውን ብረት ያዘች። ያ ሁሉ ጭብጨባ የእሷ ነበር። እሷን ሲጠብቅ ነው እንዲያ የረዘመው፤ እሷም እየሰማች ስትራገም ነበር።

“ለምን አልነገርከኝም?” አለች።

“ነውር ነዋ! ልጅቷ ቤት የመጣችው የት እንደምትቀመጪ ልትጠይቀኝ ነው። ዳር ተቀመጪ አልኩሽ፣ ቆይ አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?”

 አዳራሹ ውስጥ ገባች።

የጽዳት ሠራተኞቹ ወንበሮቹን እየደራረቡ ነበር። ከመሃሉ ረድፍ አንድ ወንበር ብቻ ሳይነሳ ቀርቷል፤ ዳር ያለው። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሻርፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣበታለች። እትዬ ጠመኔን ስታይ አልሮጠችም፣ አልተቆጣችም። ሰርተፊኬቷን ጠቀለለችና አንዱን ጫፍ ወደ እትዬ ጠመኔ ጆሮ ዘረጋች። እትዬ ጠመኔ ጎንበስ አለችላት።

“እትዬ፣ የት ሄደው ነበር?”

ልትዋሽ ትችል ነበር። ራሴን አሞኝ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰዉ ሁሉ የሚለው እሱን ነው። በዚያ ቱቦ ግን ተዋሽቶበት አያውቅም። ሰርተፊኬቱን ያዘችና አፏን አስጠጋች።

“መስኮት እየዘጋሁ ነበር፣ ልጄ።”

ልጅቷ ገብቷት ይሁን ሳይገባት አይታወቅም። ከዚያ ተነስታ እጇን ያዘቻትና ወደ መድረኩ ጎተት አደረገቻት። ይሄኔ በሩ ላይ የቆመው ጋሼ ቀመር ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን ነው፤ የጽዳት ሠራተኞቹ እጃቸው ወንበር ይዟል። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ቀጭን ነበር።

እትዬ ጠመኔ እንደዚያ እንደ ስፖርት መምህሩ ቀስ እያለች ተራመደች። ጉልበቷን አሟት አልነበረም። በአዳራሹ ሁሉ ጭብጨባ ላይ መስኮት ዘግታለች፤ ይሄ የአንድ ሰው ግን ቶሎ እንዲያልቅባት አልፈለገችም።