የተሰረዘው የፍየል ቪዲዮ

የእንስሳት ሐኪሙ ዓለምነህ የፍየል እባጭ በንጽሕና እንዴት እንደሚያፈርጡት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ እያስረዳ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በሳምንቱ ቪዲዮውን የለቀቀበት የኢንተርኔት ድርጅት «እንስሳ ማሰቃየት ነው» ብሎ ሰረዘበት። ሦስት ጊዜ አቤት ቢል የመለሰለት ማሽን ብቻ ነበር። «ቋንቋዬን ሳይሰሙ ፈረዱብኝ» እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

በገበያ ዕለት ከዝቋላ ወረዳ ወደ ሰቆጣ ገበያ የወጡ ይመኙሻል የሚባሉ ባልቴት አስቆሙት።

«ፍየሌን ባሳየኸው ዓይነት አዳንኳት፤ እግዜር ይስጥህ።»

«ተሰርዞ የለም እንዴ፣ እናቴ? የት አዩት?»

«ልጄ ምሕረት ቀድማ ስልኳ ላይ አስቀምጣው ኖሮ አገሩ ሁሉ ይቀባበለዋል። ደግሞ ማን ነው የሰረዘው?»

«እኔም አላውቀው!» ብሎ ከልቡ ሳቀ።

አቤቱታውን ተወው። በሳምንቱ ስለ በግ ሸኮና ሌላ ቀረጸና ገበያ መሀል ቆሞ፣ ደስ እያለው፣ ከስልኩ ወደ ገበያተኛው ስልክ ሲያሻግር ዋለ።