የሰው ቴሌቪዥን

ሰመራ፣ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ያላት ኸሊዳ በዕድሜዋ የራሷ ቴሌቪዥን ኖሯት አያውቅም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ኋላ ሰው ያልሆነውን ሁሉ ብሏልና። ከባቲ ወርዳ በዚያ ሐሩር ስትከትም ይዛ የመጣችው ሀብት ስሟ ብቻ ነበር። ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ዕቃ የሚያስቀምጡት እሷ ዘንድ ነው፤ ብርድ ልብሱን፣ ስልኩን፣ ለእናት የተገዛውን ቀሚስ። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። "አማና፣ ኸሊዳ" ይላሉ አደራቸውን ሲሰጧት፤ "ኢንሻአላህ" ትላለች፤ በቃ። የአደራ ጥብቅ የሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሷ ግን ከዚያም ታልፋለች፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ለሌላ ሰው ትንፍሽ አትልም። አንዱ ከሚስቱ ደብቆ እናቱን ይጦራል፣ ሌላው ከወንድሙ ደብቆ ጎጆ ለመውጣት ያስባል። ሰው ደግሞ የሚደብቀው አያጣም።

ጁነዲንም ቴሌቪዥኑን ከነካርቶኑ ያመጣው በዚሁ ልማድ ነው። ጁነዲን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አዋሽ ከተማ ከፈታት ሚስቱ የወለዳት ፋሪሃ የምትባል ልጅ አለችው፤ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ቤት ውላ ቤት የምታድር። ቴሌቪዥኑ ለእሷ ነው። ወደ አዋሽ የሚሄድ ጭነት እስኪያገኝ ኸሊዳ እንድትይዝለት ለመናት፤ ደግሞም ሙኒያ እንዳትሰማ አስጠነቀቃት። ሙኒያ የአሁኗ ሚስቱ ናት፤ የኸሊዳ የቅርብ ጎረቤት። የአዋሽ ስም ከተነሳ ልጇን አዝላ ወሎ እንደምትገባ ስንቴ ዝታለች፤ ዝታም የምትቀር ሴት አይደለችም።

ጁነዲን በገላፊ በኩል የጅቡቲን ድንበር ተሻግሮ ሄደ፤ ቆየም። ካርቶኑን ምስጥ ሲጀምረው ኸሊዳ ቴሌቪዥኑን አወጣች፣ ወለወለች፣ መደርደሪያ ላይ አድርጋ ነጠላ ጣል አደረገችበት። የሰው ዕቃ ነውና ከራሷ ዕቃ ይልቅ ተጠነቀቀችለት። ጥፋቷ ይህ ነው፤ ጥፋት ከተባለ።

የቴሌቪዥን ክፍያ ተቆጣጣሪዎች በር ለበር ሲዞሩ ነጠላውን ገለጡት። ፈቃድ አውጥታ እንደሆን ጠየቋት፤ የእሷ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሽቦው እንኳ እንዳልተሰካ፣ ጣራዋም ላይ ዲሽ እንደሌለ አሳየቻቸው። ዲሽማ ሰው ሲመጣ ይወርዳል አሉና ስሟን ይዘው ሄዱ። ለጁነዲን ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ ድንበር ማዶ ነበርና አልያዘላትም።

ፍርድ ቤት የቀረበች ዕለት አብራት የሄደችው ሙኒያ ናት። ጎረቤት ተከሶ ብቻውን አይቆምም ብላ፣ ልጇን ታቅፋ ከኋላዋ ተቀመጠች። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀስ ብለው ነው የጠየቋት።

"ቴሌቪዥኑ የማን ነው?"

"የሰው ነው፣ ክቡር ዳኛ። አማና ነው።"

"ስሙን ይንገሩንና እሱን እንጠይቃለን።"

ኸሊዳ አፏን ከፈተች። ከኋላዋ የሙኒያ ልጅ ሲነጫነጭ ሰማች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አፏን መልሳ ገጠመችው።

"አልችልም።"

ሁሉም ተከሳሽ "የሰው ነው" እንደሚል፣ ስም የሌለው ባለቤት ደግሞ በሕግ እንደማይታወቅ ዳኛው አስረዷት። ክፍያ ሸሽታለች ተብላ ተፈረደባት። ቅጣቱን ማቀዝቀዣዋን ሸጣ ከፈለች፤ በዚያ አገር ማቀዝቀዣ የሌለው ሻይ ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ከዚያ ወዲያ የመጣውን ነው። ፍርድ ቤት የራሷ ነው ያለውን ዕቃ አማና ነው ብላለችና፣ ወይ ዋሽታለች ወይ የሰው አደራ የራሷ አድርጋለች ተባለ።

ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ዕቃቸውን ወሰዱ። አንዱ ቤት ተከራየሁ አላት፣ አንዱ ልሸጠው ነው፤ ሌላው ምክንያትም አልፈለገም። ማንም ፊት ለፊት አደራ በላ አላላትም፤ ግን ሻዩን ሳይጨርስ የሚነሳው በዛ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእሷ ስም እሷ ቆማ እያለች ተቀበረ።

ጁነዲን ሲመጣ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ቅጣቱን ልክፈል አለ። እሷ ገንዘብ እንደማትፈልግ ነገረችው።

"ለሰዎቹ ንገርልኝ። የእኔ ነው በል። ሌላ ምንም አልልህም።"

"ዛሬ ለሾፌር ከነገርኩ ማታ ሙኒያ ትሰማለች። ትዳሬ ይፈርሳል፣ እህቴ።"

"የእኔስ ቤት ቆሟል ወይ፣ ጁነዲን?"

ቴሌቪዥኑን ራሷ አንስታ ሰጠችው። ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባና ወደ አዋሽ ነዳ። ፋሪሃ ስታየው እንደምትውል እያሰበች ኸሊዳ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከዚያ በኋላ ሙኒያ መጣች፤ ከባሏ ደብቃ ኸሊዳ ዘንድ ያስቀመጠችውን የወርቅ አምባር ልትወስድ።

"አትቀየሚኝ" አለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ። "ሰው ሲያወራ ፈራሁ።"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባልሽን ጠይቂው ብትል ስሟ በዚያች ቅጽበት ይታጠብ ነበር። ሆድ ይፍጀው አለችና ጓዳ ገብታ አምባሩን ከእራፊ ጨርቅ ፈትታ አመጣችላት።

በዚያ ቤት አማናውን ተቀብሎ የሚመረምር ሰው ታይቶ አይታወቅም። ሙኒያ ግን አምባሩን ወደ በሩ ወሰደችው፤ ፀሐይ ላይ አገላብጣ፣ በመዳፏ መዝና፣ ተለውጦ እንደሆነ አየች።

"ራሱ ነው" አለች፣ እፎይ ብላ።

ኸሊዳ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። ዳኛው ፊት ያልወጣው እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።