የሳጥኑ ልብ

ካቻቢቴ ብለው ስም ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። የሆስፒታሉን መሣሪያዎች የምትጠግንና ከኮምፒዩተሩ ጋር የምታገናኝ ባዮሜዲካል መሐንዲስ ናት፤ ከጋዎኗ ኪስ ካቻቢቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ጠዋት የጽኑ ሕሙማን ክፍል የአምስተኛው አልጋ ሞኒተር እየበራ እየጠፋ አስቸገረ። አልጋው ላይ የተኙት ሳንባቸው የታመመ እናት ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይሏቸዋል። ካቻቢቴ ሞኒተሩን ነቅላ ከመጋዘን ያወጣችውን አሮጌ ተካችበት። አሮጌው ከኮምፒዩተሩ ጋር አልተገናኘም። ከሰዓት አገናኘዋለሁ አለቻት ለዋናዋ ነርስ፤ እስከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢያነብ እንዳትደነግጪ ብላ ወረደች።

ወርክሾፕ ገብታ የተቃጠለውን ክፍል ቀየረችና ሞኒተሩን ከሙከራ ሳጥኑ ጋር አያያዘችው። ሳጥኑ ሰው አስመሳይ ነው፤ እንደ ልብ ይመታል፣ እንደ ሳንባ ይተነፍሳል። ሞኒተሩ ዳግም ይጠፋ እንደሆነ ለማየት እንደበራ ትታው ምሳ ወጣች።

ስትመለስ የእማማን የበኩር ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘችው። ስልክ ይዟል፤ ፊቱ በርቷል።

«እናቴ ተሻላት እኮ» አላት።

ዶክተሩ ቢሮው ሆኖ በኮምፒዩተር ሲከታተላት አርፍዶ ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ትዛወር ብሏል፤ አልጋውን ድንገተኛ ክፍል ያለ ሌላ ታካሚ ይጠብቀዋል። ለእህት ወንድሞቹ ሁሉ ደውሏል። ኦክስጅኗ ዘጠና ስምንት ገባ አለ፣ ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት እያጣጣመ።

እንኳን ደስ አለህ ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። የልብ ምታቸውስ አለችው። ሰማንያ፣ አለ፤ ከረፋድ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

የሰው ልብ ሲያስሉ ይፈጥናል፣ እንቅልፍ ሲወስድ ይረጋል። ሰማንያ ላይ ችክ የሚል ልብ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። ሞኒተሩን ስትነቅል የእማማን ስም ከውስጡ አልሰረዘችም። ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ በልማድ የኔትወርኩን ገመድ ሰክታለታለች።

ሮጠች።

አልጋው ሊፍቱ ደጃፍ ደርሷል። የኦክስጅን ጭንብሉ ከእማማ ፊት ተነስቷል። ካቻቢቴ ጮሃ አታውቅም፤ አሁንም አልጮኸችም። እግሯን በሩ መሃል ሰነቀረች።

«ምነው፣ አልጋም መጠገን ጀመርሽ እንዴ?» ዋናዋ ነርስ ሳቀች።

«ሲስተር፣ ያ ልብ የእማማ አይደለም። የእኔ ሳጥን ነው።»

አሮጌው ሞኒተር ኦክስጅናቸውን ስንት ይል እንደነበር ጠየቀቻት። ነርሷ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ሰማንያ አንድ፣ አለች ቀስ ብላ፤ ዝቅ አድርጎ ያነባል ያልሽኝ ግን አንቺ አይደለሽ? ከኪሷ የጣት ኦክስጅን መለኪያ አውጥታ የእማማ ጣት ላይ አደረገችው።

ሰባ ስምንት።

አልጋውን ወደ ኋላ እየገፉ ሮጡ። ጭንብሉ ተመለሰ፤ ዶክተሩ ጋዎኑን እንኳ ሳይቆልፍ መጣ። ይህን ያደረገው ማነው ሲል ነርሷ ወለሉን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች ካቻቢቴ።

ብዙ ሊናገር ነበር፤ ዋጠው። «መጀመሪያ ያንን ነገርሽን ንቀዪልኝ። እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጁ ላይ ስልኩ ይጠራል።

«እህቴ ናት። ምን ልበላት?»

አንገቷን ደፍታ ልታልፈው ትችል ነበር።

«አልተሻላቸውም በላት። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«ግን አለች?»

«አሉ።»

ወርክሾፕ ውስጥ ሳጥኑ ሰማንያውን ያለ ድካም ይመታል። ገመዱን ነቀለች፤ ሞኒተሩን አቅፋ ደረጃውን ወጣች፤ አልጋው ላይ መልሳ ገጠመችው። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የልብ ምት ሰማንያ ስድስት አለ ሞኒተሩ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ሰባት። ቁጥሩ አልረጋ አለ፤ እሷም ከአጠገቡ አልሄድ አለች።