የስጋው ማሽን

እኔ አገሬ ስለ ብረት የት አውቄ! የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በያጁ ከተማ የሚባለው ባሌ ነው፤ ወይም ነበር ልበል። በጦሩ ጋራዥ ውስጥ የሚስተካከለው አልነበረም ይሉኛል። ቶጎጫሌ መንገድ ላይ የቆመ ኦራል የጦር መኪና ጠግን ተብሎ ሄደና ፈንጂ ረግጦ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጣ።

ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ሰው ሆነ። ክራንቹን ከበሩ ኋላ አቆምኩለት፤ አቧራ ጠጣ። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ተኝቷል በይ ይለኛል። አንድ ቀን፣ ደጅ ወጥተህ ትንሽ ፀሐይ ብትሞቅ ምናለ ብለው፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ከዚህ በር የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ባልፈራሁ። ዳቦ አልቋል እንደሚል ሰው ነው ያለው። ይኼ ሰው እንደተኛ ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ምን ባገኝለት ይነሳ ይሆን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ የመጣልኝ ብየዳ ነው። ትንሽ ማሽን፣ አቅሜ የሚችላት፣ በአንድ እጅ የምትነሳ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ከአጠገቡ የሚያኖራት። ነግዶ እንዲያበላኝ አይደለም፤ የእኔ ደመወዝ ለሁለት አፍ አያንስም። እጁን እንዲያፍታታባት ብቻ። የቱን ዓይነት ልግዛልህ ስለው «ለምኔ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሺ፣ እኔው መርጬ አመጣለሁ አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ የወለደችኝም ታውቀዋለች።

መካሪ መቼ ይጠፋል! አንዱ የቴክኒክ መምህር፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባለሞተሩ ካልሆነ አትድከሚ አለኝ። ባለሞተሩ አራት ጎረምሳ የሚሸከመው መሆኑን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። አንድ ሾፌር ደግሞ በጋዝ ሲሊንደር ነው እንጂ የምን ኤሌክትሪክ አለ። ሲሊንደሩ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ደግሞ ፈንጂ ለበላው ሰው ሌላ የሚፈነዳ ነገር አልጋው ሥር ላኖር ነው? መብራት ኃይል የሚሠራው የሺጥላ መጣና የቤታችሁ መስመር ለአምፖል የተዘረጋ ነው፣ ትልቅ ማሽን ከሰካሽበት ፊውዙ ይቃጠላል፣ አምፔሩ ዝቅ ያለውን ፈልጊ አለኝ። አምፔሩ በጣም ከወረደ ደግሞ አይበይድም አለ። ታዲያ ምን ያህል ይሁን ስለው እንደ ብረቱ ውፍረት ነው አለኝ። አንዱ የገነባውን ሌላው ሲያፈርስ ራሴ ዞረ። በመጨረሻ የሺጥላን፣ አምፔሩን ተወውና መልኩን ንገረኝ አልኩት። እጀታ ያለው ሳጥን ነው፣ ሁለት ገመድ አለው፣ ከገመዱ ጫፍ የሚነክስ መንጋጋ አለው አለኝ። ተመስገን፤ ይቺን ያዝኩ።

ጎረቤቴ ፋርቱን ሐርተሼክ እንሂድ አለችኝ። ያን ጊዜ ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሐርተሼክ ሰፍሮ፣ ከመጠለያው አጠገብ የማይሸጥ ነገር የሌለበት ገበያ ቆሞ ነበር። እኔ ሶማልኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ፋርቱን አስተርጓሚዬ ሆና በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን። ከአንድ ሸራ ሥር ሆዶ የምትባል ሴት የወንድሟን ዕቃ ትሸጣለች። ወንድሟ ቶጎጫሌ ወርዷል፤ እሷ የምታውቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ብረት የሚያያይዝ ማሽን ስንላት ሁለት ዕቃ አሳየችን። አንደኛው ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን ወንድሜ ነው የሚያውቀው አለች።

አንዱ የታሸገ ካርቶን ነው፤ ከላዩ ዓረብኛ ተጽፎበታል። ክፈቺልን ብንላት፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ማን ይገዛኛል ብላ እምቢ አለች። ሌላው ካርቶን የሌለው ቀይ ሳጥን ነው። እጀታ አለው። ሁለት ገመድ አለው። ጫፉ ላይ መንጋጋ አለው። ልቤ ወደ ቀዩ ሄደ፤ ግን ሁለት ሐሳብ ሆኜ ቆምኩ። ፋርቱን ቁርዓን ቤት የተማረች ናት፤ ካርቶኑ ላይ አጎንብሳ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። ላም፣ ሐ፣ ሚም። ቀና ብላ «አባዮ፣ ይሄ የስጋ ነው» አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለቷ ነው። ለሕም በዓረብኛ ስጋ ነው፤ ማኪና ደግሞ ማሽን፤ የስጋ ማሽን ነው አለች። ቁርዓን ከቀራች ሴት ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ? ቀዩን ገዛሁ። ኬላ ላይ ፈታሹ ምንድነው ሲለኝ የብየዳ ማሽን ነው አልኩት። አገላብጦ አየና አዎ፣ ነው አለ። ሁላችንም አዋቂዎች!

ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩለት። ከተማ ከግድግዳው ዞሮ አየው፣ ደግሞ እኔን አየኝ።

«የማንን መኪና ባትሪ ልትሞይ ነው?»

ባትሪ መሙያ ነው የገዛሁት። መኪና ቀርቶ ጋሪ የሌለኝ ሰው! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ሆዶን ረገምኩ፣ የሺጥላን ረገምኩ፣ መንጋጋ የሚባል ነገር የፈጠረውን ረገምኩ። ከተማ ግን የሳቀ መስሎኝ ዘወር ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶታል። ያን ቀን ከንዴቱ ይልቅ ተስፋ መቁረጡ ነው የገደለኝ። ሌላ የምሞክረው አልነበረኝም።

በሳምንቱ ፋርቱን ግራ ገብቷት መጣች። ለካ ስለ ስጋው ማሽን ለእህቷ ባል ለዲሪዬ ነግራዋለች። ዲሪዬ ባለልኳንዳ ነው። ረመዳን እየመጣ ስለነበር ለሳምቡሳ የሚሆን ስጋ ልፍጭበት ብሎ ልኮ አስገዛው። ካርቶኑ ሲከፈት ስጋ የሚገባበት አፍ የለው፣ ምላጭ የለው፤ ገመድ፣ አንድ እሽግ ቀጫጭን ዘንግና ጥቁር መስታወት ያለው የፊት መሸፈኛ ብቻ። ዲሪዬ ሰካውና አንዱን መንጋጋ ስጋ የሚሰቀልበት ብረት ላይ አስነከሰው፤ በሌላኛው ብረቱን ነካ ሲያደርገው ብልጭ ብሎ እሳት ተፋ። አሁን ልኳንዳውን ዘግቶ ደጅ ቆሟል፣ ጂን አለበት ይላል አለችኝ። እኔም ከእሷ እኩል ግራ ገባኝ፤ ምን ዓይነት ስጋ ነው በእሳት የሚፈጨው?

ከውስጥ የከተማ ድምፅ መጣ። «ካርቶኑ ላይ ያለውን እስቲ ፊደሉን ጥሪልኝ» አላት ፋርቱንን። ጠራችለት። ከሐ ቀጥሎ አሊፍ የለም ወይ አላት። ኋላ እንደነገረኝ፣ አሰብ በነበረበት ጊዜ የየመኖችን ማሽን ሲጠግን ያቺን ቃል ለይቷታል፤ አሊፍ ሲገባባት ስጋ መሆኗ ቀርቶ ብየዳ ማለት ናት። አለ፣ መሰለኝ አለች። እኔም የሥራ ሰዓት ደርሶብኝ ስለነበር ምኑንም ሳልይዝ ወጣሁ።

ለምሳ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው።

ጮኼ ጠራሁት። ጓሮ ሮጥኩ፤ የለም። የውሃ ጉድጓዱን ክዳን አነሳሁ፤ ውስጡን እስካይ ድረስ ያሰብኩትን እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ከዚያ ነው ክራንቹ ከበሩ ኋላ እንደሌለ ያየሁት። ነጠላዬን ሳልለብስ ወጣሁ። ባለሱቁን ብጠይቀው ወደ ልኳንዳው ጠቆመኝ።

ልኳንዳው ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ሰዉን ገፍቼ ገባሁ። ከተማዬ የዲሪዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪውን ከተቆረጠው እግሩ በላይ አጥፎ፣ ማንም ቢያየው ግድ ሳይሰጠው፣ በአንድ እጁ መሸፈኛውን ይዞ የተሰበረውን የስጋ መስቀያ እየበየደ ነበር። ሳጥኗ ከጎኑ ናት፤ ትንሽዬ፣ በአንድ እጅ የምትነሳ። ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዙሯል። እኔ ግን ዝም ብዬ አየሁት። «አገሬ፣ ዘወር በይ፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል» አለኝ። አልዞርኩም። ይህን ያህል ዘመን ጀርባውን ሲያሳየኝ ከኖረ ሰው ላይ ዓይኔን የማነሳ ሞኝ አይደለሁም።

ዲሪዬ ባትሪው እያለቀበት ፒክአፑን በየማለዳው በሰው የሚያስገፋ ሰው ስለነበር፣ የእኔን ባትሪ መሙያ አምጪና ጂኑን ውሰጂልኝ አለ። ተለዋወጥን።

ሲመሽ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መሰለኝ። መክፈት አቃተኝ፤ ዕንባዬ ብቻ ይወርዳል። ከተማ አልተቆጣኝም። እኔ ተኝቼ እሱ ነው በክራንቹ ጓዳ ደርሶ የተመለሰው፤ የክራንቹን ኳ ኳ ሰማሁት። በያጅ ዓይኑን ሲያመው እንደሚያደርገው ድንች ልጦ በስሱ ቆርጦ ዓይኖቼ ላይ አኖረልኝ። ከድንቹ ሥር የሚወርደው ዕንባ ብየዳው ያመጣው ይሁን ሌላ፣ እኔ እንጃ፣ እሱንም መለየት አልቻልኩም።

«አትክፈቺ» አለኝ። «የዲሪዬ በር ማጠፊያም ተሰብሯል። ነገ ከሻለሽ ምሳዬን እዚያ አምጪልኝ።»

እሺ አልኩት።