የሰማንያኛው ቀን ዳገት

«ሴትየዋን ጅቡ ከወገቧ ነው የያዛት ይላሉ» አሉ ጋሽ መሸሻ። ትናንት ከእግሯ ነበር። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ነጠላዋን ብቻ ነጥቆ ሄደ ነበር ያሉት።

ጋሽ መሸሻ ከመሳይ ቤት ቀጥሎ ያለው የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ሥራቸው መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቁት ግን ወሬ ነው። ከጥቅምት አሥራ ሰባት ጀምሮ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚደግሙት አንድ ነገር ሆነ፦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው የባሕር ዛፍ መንገድ ጅብ ሰው ለምዷል። መጀመሪያ አንድ ጅብ ነበር። በሦስተኛው ቀን አራት ደረሱ።

«እርስዎ አይተውታል?» አለች መሳይ፣ ሕፃኗን ወደ ደረቷ እየሳበች።

«እኔ? ባየው ኖሮ እዚህ ቆሜ አወራሽ ነበር?»

መሳይ ጥርሷን አሳየች እንጂ አልሳቀችም። ነገ ጥቅምት ሃያ ነው፤ ሕፃኗ ሀሌሉያ ሰማንያ ቀኗን የምትሞላበት፣ ክርስትና የምትነሳበት። ሴት ልጅ የወለደች እናትም ሰማንያው እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ደጅ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። ጥምቀቱ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ነው። ስለዚህ ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ያንን መንገድ መውጣት ግድ ነው።

ሌላ እናት ብትሆን «ትንሽ ይቆይ፣ ጅቡ ይያዝ» ትል ነበር። መሳይ ግን አንዲት ቀን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። የመጀመሪያ ልጇ የኖረችው ሰባ ሦስት ቀን ነው። ማታ አተኮሳት፣ ጠዋት አለፈች። ሳትጠመቅ፣ የክርስትና ስም ሳይወጣላት፣ ፍትሐት ሳይደረግላት። ቄሱ «እግዚአብሔር ያውቃታል» አሏት። እሱማ ያውቃታል። የት እንዳለች የማታውቀው እናትየዋ ናት። ሀሌሉያ ባስነጠሰች ቁጥር የሕፃኗን ግንባር ትዳስሳለች። እነዚህን ቀናት የኖረችው ጡት እያጠባች ሳይሆን ትንፋሽ እያዳመጠች ነው።

ባሏ ኤርሚያስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ደውሎ «ታክሲ በስልክ ጥሪ፣ በቃ» አላት። ጠራች። «ከአስፋልቱ በላይ አልወጣም እህቴ፣ ድንጋዩ የመኪናዬን ሆድ ይጨርሰዋል» አላት አንዱ። ሌላው ሰፈሩን ሲሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ሊነጋጋ ሲል የሀሌሉያ ክርስትና እናት ጌጤ መጣች። ጌጤ አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት፤ ድምጿ ከጉሊቷ ተነስቶ ታክሲ ተራው ድረስ ይሰማል። ነጭ ለብሳለች፤ በእጇ መቁጠሪያ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ዱላ አልያዝሽም?» አለች መሳይ።

«መቁጠሪያ ይዣለሁ።»

«ለጅቡ?»

«ለእኔ ነዋ! ጅቡ ምን ጎደለው?» ጌጤ በሩን ከኋላቸው ዘጋች። «አርባ አንድ እግዚኦታ እናደርሳለን። አንቺ ትቆጥሪያለሽ። ከተምታታብሽ ከአንድ እንጀምራለን።»

«ጌጤ፣ እኔ እንኳን ልቆጥር እግሬም አልታዘዘኝ።»

«ለእሱ ነው ቁጠሪ ያልኩሽ።»

አስፋልቱ አለቀ። መብራቱም አብሮት አለቀ። ጉም ከላይ ወርዶ ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል፤ የተላጠ ቅርፊት በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር መሳይ ልጇን አጥብቃ ታቅፋለች። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ስድስት። የሆነ ነገር ቅጠል ረገጠ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ሰባት። የእሷ ነጠላ ነው የሚንሿሿው ወይስ ሌላ? አሥራ ዘጠኝ ላይ ሽታ መጣ፤ የረጠበ ውሻ የመሰለ፣ ከዚያ የባሰ።

ሃያ ሰባት ላይ የስልኳ መብራት ሁለት ዓይን ላይ አረፈ።

መንገዱ መሐል ቆሟል። ጋሽ መሸሻ ከተናገሩት ሁሉ ይህ አንዱ እውነት ነበር። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል። መሳይ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀሌሉያ እቅፏ ውስጥ ተንቀሳቅሳ ተነጫነጨች። ጅቡ ጆሮውን አቀና።

«ስንት ደረስን?» አለች ጌጤ።

«ጌጤ፣ ጅብ!»

«ጅብ መሆኑን አጣሁት? ስንት ደረስን?»

«ሃያ... ሃያ ሰባት።»

«ሃያ ስምንት በያ!»

ያን ጊዜ ነው መሳይ የሰማችው፤ መቁጠሪያው በጌጤ እጅ ውስጥ እንደ በረዶ ይንቀጫቀጫል። ጌጤ ከእሷ ብሳ ፈርታለች። የፈራው እጇ ነው፣ የገበያው ድምጿ ግን አልተነካም። «እግዚኦ!» አለች ጌጤ፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ይመስል። መሳይም ተከተለች፤ አንዴ በሹክሹክታ፣ አንዴ በተሰበረ ድምፅ። ሠላሳ ላይ ከልመናዋ መሐል ያላሰበችው ቃል ወጣ፦ «እኔ ደከመኝ። ይችን ልጅ አንተ ያዝልኝ።»

ፍርሃቱ አልሄደም። ብቻ ሀሌሉያ ክንዷ ላይ ቀለለቻት፤ ከሥር ሌላ እጅ የገባ ያህል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ሠላሳ አንድ። ጌጤ ከጎኗ አልተለየችም። ሠላሳ ሁለት።

ጅቡ ትንሽ አያቸው። ከዚያ ሥራ እንዳለበት ሰው ዞር ብሎ ቁልቁል ገደሉን ወረደ። ሁለቱም አልሮጡም፤ ሮጠው ቢሆን ቁጥሩ ይምታታ ነበር። አርባ አንድ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሲሆን፣ ጌጤ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ሀሌሉያ ተጠመቀች። ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተብ ታሰረላት፣ ወለተ ሐና ተባለች፣ ቆረበች። መሳይ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ ገባች፤ ካህኑ ዕጣን ሲያጥኑ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ትንፋሿም ሳይሰነጠቅ እስከ ታች ወረደ።

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ጸሐፊ የክርስትና ወረቀቷን ሊሞሉ የልደት ቀን ጠየቁ።

«ነሐሴ አንድ፣ በልደታ» አለች መሳይ።

ብዕራቸው ቆመ። «ዛሬ ሰማንያ ሞላት ያልሽው በምን ቆጥረሽ ነው?»

«ከነሐሴ ልደታ እስከ መስከረም ልደታ ሠላሳ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ልደታ ሠላሳ። ከዚያ ሃያ።»

«ጳጉሜንስ?»

ጌጤ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«አምስት ቀን አለች እኮ መሐል ላይ» አሉ ጸሐፊው፣ ማኅተሙን እየመቱ። «ሰማንያዋ የሞላው ጥቅምት አሥራ አምስት ነው።»

«የጅቡ ወሬ ሳይጀመር በፊት!» አለች ጌጤ።